የዘነበች መዳፍ

የእህቴ ልጅ ሰላም ሁምቦ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሶዶ ስትመጣ ወሬ ይዛ ትመጣለች። ማንጎ ይዛ ብትመጣ እመርጥ ነበር፤ ያው ወሬም አይናቅም። ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ ቁጭ ብለን ስለ አንዲት የሁምቦ አሮጊት ጀመረችልን። እኚህ ሴትዮ ለሰው ውሃ ሲሰጡ እንኳን መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ሳይቀምሱ አይሰጡም አለች። ጠላ አይደለም፣ ጠጅ አይደለም፣ ውሃ። ለልጅ ልጆቻቸው የሚሰጡትን ወተት፣ ለክትባት ቤት ለቤት የሚዞሩት ሠራተኞች የሚጋበዙትን ለስላሳ ሳይቀር ይቀምሳሉ። "ለድመቷ እንኳን ቀምሰው ነው የሚሰጡት" ብላ በእጇ አሳየችንና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሳሁና ጓዳ ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። የሴትዮዋን ስም ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ሰላም ወደ መናኸሪያ ልትሄድ ቦርሳዋን ስታነግት ነው። "እማማ ዘነበች" አለችኝ። "ታውቂያቸዋለሽ እንዴ አክስቴ?"

አውቃታለሁ። እኔ ሳውቃት ግን እማማ አልነበረችም፤ ዘኒ ነበረች። የአጎቴ የጋሽ ዳና ሚስት፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ ሳቋ ከጓዳ ተነስቶ በረንዳ የሚደርስ ሴት። ባሏን ገደለች ተብላ ከሶዶ የወጣች ሴት። ትግደለው አትግደለው ሳላውቅ አረጀሁ። ሰው ሁለት የሚወዳቸው ሰዎች ኖረውት፣ አንዷ ሌላውን ገድላው ይሆን እያለ መኖር ይችላል ወይ ብትሉኝ፣ ይችላል። አስተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሳል።

ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር የሚሉ እኩዮቼ ያናድዱኛል። ድሮ ቁንጫ ነበር። ድሮ ጭቃው ጫማ ከእግር ነቅሎ ያስቀር ነበር፤ ለዚያውም ጫማ ላለው። ቢሆንም የጋሽ ዳናን ቤት ሳስብ ምላሴ ይታሰራል። ቤቱ ከገበያው በላይ፣ ፊቱን ወደ ቆላው፣ ጀርባውን ለዳሞታ ተራራ ሰጥቶ የቆመ የእንጨት ፎቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ፎቅ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ደረጃው ሲወጡበት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል፤ ማን እንደመጣ ከማቃሰቱ እናውቅ ነበር። ከበረንዳው ላይ ሰማይ ሲጠራ አባያ ሐይቅ ከሩቅ እንደ ቆርቆሮ ይብለጨለጫል። ጉም ሲወርድ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰት ተክል እንኳን ይጠፋል። ዛሬ በቦታው ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል፤ ከሥሩ ባንክ፣ ከላዩ ካፌ። አንድ ቀን ወጥቼ ማኪያቶ ጠጥቼበታለሁ። አባያ አይታይም፤ ፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ አለ።

እኔ ያኔ የመምህርነት ኮርስ ጨርሼ አንደኛ ደረጃ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ነበር። ከቦዲቲ መጥቼ አጎቴ ቤት አረፍኩ። የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ የገባሁት የስልጤዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው። ሰማያዊ አበባ ያለበት ቴትሮን አስለክቼ ጉርድ ቀሚስ አሰፋሁ፤ ለአጎቴም የአንገት ልብስ፣ ለዘኒም ሻሽ ገዛሁ፣ ተርፎኝም በስሙኒ ሻይ በብስኩት ጠጣሁ። ወንዶቹ አፍሮ አጎፍረው፣ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው ዋናውን መንገድ ይጠርጉታል። ባጃጅ የሚባል ነገር የለም፤ የጋሪ ፈረስ ነበር፣ ቃጭሉ ከሩቅ የሚሰማ። ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሚወጣው ዘፈን እስከ ገበያው ይሰማል፤ የሬዲዮው ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክማል። ጋሽ ዳና ቅቤና ቡና ነጋዴ ነበር። ልብሱ ሁሌ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቀልድ ይወዳል፤ ክፉ አመሉ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ መሳቁ ነው። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል፤ እኛ የቀልዱን መጨረሻ ሳንሰማ በሱ ሳቅ እንስቃለን።

ዘኒን ያገባት በስተርጅና ነው ይሉ ነበር፤ አርባ ዓመት ያኔ እርጅና ነበር። እሷ የሁምቦ ልጅ፣ አባቷ ያለ ብዙ ከብት የሞቱባት። ገበያ ላይ በቆሎ ስትሸጥ አይቷት ሦስት ገበያ ተመላልሶ የማይፈልገውን በቆሎ ገዛ ይባላል። ዘመዶቻችን ግን ጥርስ ነከሱባት። ከቆላ የመጣች፣ ምንም ያልነበራት፣ አሁን የፎቅ ቁልፍ ወገቧ ላይ ያሰረች። ከሁሉም የባሰው ዓመታት ሲያልፉ ልጅ አለመውለዷ ነው። "መካን" የሚለውን ቃል እሷ በምትሰማበት ርቀት ሲናገሩት ሰምቻለሁ። የጋሽ ዳና ታናሽ ወንድም ጋሽ ጳውሎስ እሁድ እሁድ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ቤቱን ሲዞር፣ ግድግዳውን በጣቱ ሲያንኳኳ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲቆጥር እናየው ነበር። ወንድሙ ያለ ልጅ ቢሞት ቤቱ የማን እንደሚሆን በልቡ አስልቶ የጨረሰ ሰው ነበር። ዘኒ ታዲያ "ጋሽ ጳውሎስ፣ የሚያፈስ ቦታ አገኙ?" ብላ ትቀልድበታለች።

እዚያ ቤት አመሻሽ ላይ መጽሐፍ ይነበብ ነበር፤ አንባቢዋ እኔ ነኝ። መጽሐፉን ያመጣው አቶ ግርማ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጤና መኮንን፣ ሰው ሁሉ "ዶክተር" የሚለው፣ ብቸኝነቱን በልቦለድ የሚያስታምም ሰው። ያ መጽሐፍ ከፈረንጅ ቋንቋ የተመለሰ ነው፤ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ስለተገነጠሉ ርዕሱን ማናችንም አናውቀውም። መስኮቱ የማይከፈት ትልቅ ቤት አለ። ሀብታም ሽማግሌ ደሃ ወጣት ያገባል፤ ማታ ማታ በምትሰጠው ጽዋ ታሞ ይሞታል፤ ቤቱን እሷ ትወርሳለች፤ የሟቹ ዘመድ ደግሞ እያፈቀራት ይጠረጥራታል። ገደለችው ወይስ አልገደለችውም? ለዚህ መልስ ስንል ክረምቱን ሙሉ እራት እየቀዘቀዘ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ጳውሎስ እንኳን እሁድን ትቶ በአዘቦት ቀን መምጣት ጀመረ። አቶ ግርማ ቀድሞ ስላነበበው መጨረሻውን ያውቃል፤ ስንጨቀጭቀው ፈገግ ይላል።

ዘኒ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር የምትሰማው። "አልገደለችውም" ትላለች፤ "እንዲህ የምትወደውን?" ጋሽ ጳውሎስ "ደሃ ስለሆነች ገድላዋለች" ይላል። ጋሽ ዳና ግን አንድ ማታ ያልጠበቅነውን ተናገረ። "የኔ ጥያቄ ሌላ ነው" አለ፤ "ፈረንጅ አገር ቀምሶ መስጠት የለም እንዴ? መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ብትሰጠው ይሄ ሁሉ መጽሐፍ አይጻፍም ነበር።" አሁንም ሳይጨርስ አንገቱን ጥሎ ሳቀ፤ አቶ ግርማ ሳይቀር በሳቅ እንባው ወረደ። እውነት ነው፣ በኛ አገር የሚጠጣ ነገር የሚያቀርብ ሰው በመዳፉ ሳይቀምስ አይሰጥም ነበር። ማንም የማያስብበት የእጅ ልማድ ነው፤ ቀምሶ የሰጠ ሰው በአንተ ላይ ክፉ አላሰበም ማለት ነው። የታሸገ ጠርሙስ መጥቶ ነው ያስረሳን።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብኩት መስከረም ሲጠባ ነው። ሴትየዋ ገድላዋለች። ጋሽ ጳውሎስ ውርርድ እንዳሸነፈ ሰው እጁን አጨበጨበ። ዘኒ ጎመኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ "ጸሐፊው ፈርዶባታል" አለች። "ያ ሁሉ ሰው ስለሷ ሲያወራ እሷን አንድ ቀን እንኳን አላስወራትም።" ያን ጊዜ የዋህ አስተያየት መስሎኝ አልፌዋለሁ። ዛሬ ሳስበው እዚያ በረንዳ ላይ መጽሐፉን በትክክል የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ጊፋታ መጣ። የወላይታን ዘመን መለወጫ የማያውቅ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ሰፈሩ በማኅበር ገንዘብ አጠራቅሞ በሬ ገዝቶ አርዶ፣ ጥሬ ሥጋ በዳጣ እየተባለ ስንት ቀን እንደሚበላ ቢነግሩት አያምንም። የዳጣው ቃሪያና ዝንጅብል ሽታ ከልብስ አይለቅም። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ የማይቀረው ኮሶ ነው፤ ያን ሁሉ ጥሬ ሥጋ የበላ ሆድ መጠረግ አለበት። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ፊትን አጨማዶ፣ ሰው እየሳቀብህ ትጠጣዋለህ። የዚያን ዕለት ጠዋት ዘኒ ኮሶውን በጥብጣ በቅል ይዛ ወደ በረንዳው ስትወጣ እኔ ትምህርት ቤት ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። እንደ ልማዷ ወደ መዳፏ ልታዘነብል ስትል ጋሽ ዳና ቅሉን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደና፣ "ዛሬ ይቅርብሽ" አላት። ተያዩ። እሷ አንገቷን ደፋች፤ ፈገግ ብላለች። እሱ አንዴ ወደኔ ጠቅሶ ሳያቆም ጨለጠው። የፍቅር ጨዋታ መስሎኝ ቀናሁባቸው። ጋሽ ጳውሎስም ወንድሙን ሊያይ መጥቶ ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፤ አይቷል።

ጋሽ ዳና ሳምንት አልቆየም። ማስታወክ ጀመረ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ። ዘኒ ከአጠገቡ ሳትነሳ፣ ፎጣ እያቀዘቀዘች፣ ጆሮው ሥር በወላይትኛ እያንሾካሾከች ሰነበተች። አቶ ግርማ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰጠው። አልሆነም። ቀብሩ ላይ ዳሞታ እስከ ወገቡ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ልቅሶው ሳያልቅ ሰው መተያየት ጀመረ፤ ሳትቀምስ ሰጠችው የሚለው ቃል ከድንኳኑ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ዓይኔ እያየ ነው። አቶ ግርማ ተነስቶ ሟቹ ጉበቱን ካመመው እንደቆየ፣ በጋውን መርምሮት አረቄም ኮሶም እንዳይጠጣ እንደከለከለው፣ ጋሽ ዳና ግን ሚስቱ እንዳትደነግጥ ብሎ እንደደበቃት ተናገረ። ይህን መናገሩ ባሰ። "ዶክተሩ ለምን ይሟገትላታል?" ተባለ። ማታ ማታ መጽሐፍ እያለ የሚመጣው ለማን ነበር? ወሬው ወለደ። አሁን ነገሩ ሁለት ሰው ሆነ፤ ፍቅርም ተጨመረበት። ያ መጽሐፍ ከበረንዳው ወርዶ ሰፈር ለሰፈር መዞር ጀመረ።

ቤቱን ማን ይውረስ የሚለውን ሊጨርሱ ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ተቀመጡ። አቶ ግርማ ወላይትኛ ስለማይሰማ በአማርኛ ተናገሩ፤ ለዚያ ነው ቃላቸው እስከ ዛሬ እንደነበረ ጆሮዬ ላይ ያለው። ጋሽ ጳውሎስ ተነሳ። "ወንድሜ ራሱ ተናግሯል" አለ። "ቀምሳ ብትሰጠው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር ብሏል። ምስክር አለኝ።" ወደኔ አየ። ቀልድ ነበር ብዬ ለማስረዳት አፌን ብከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ከዚያ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ ለማንም ክፉ የማያስቡ ሰው፣ ከዚያው ዘኒ ካስተረፈችው የኮሶ ዱቄት አስበጥብጠው ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። "እኛ አልፈረድንም ልጄ" አሏት፤ ቀጥለውም ሴትና ወንድ በማይለይ አማርኛቸው ወደ ሰው ዞረው፣ "ይሄ ኮሶ ነው። እሷ ይጠጣ። ከጠጣ ቤቱ የሷ ነው፤ ነገሩም እዚህ ያልቃል።"

የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነበር። ጥቁር ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ቅሉን አየችው። አንድ ጉንጭ ኮሶ ነው። ብትጠጣው ቤቱ፣ ቡናው፣ ቁልፉ፣ ስሟ የሷ ይሆናል። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ፣ "አልጠጣም" አለች።

"ለምን?" አሏት።

"አልጠጣም።"

አጠገቧ ሄጄ ክንዷን ይዤ "ዘኒዬ፣ ጠጪና ይብቃ፤ በጋሽ ዳና" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ያኔ አቶ ግርማ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቅሉን አንስቶ ጠጣው፤ አንድ ጠብታ ሳያስቀር። ዶክተሩ ሆዱ ተጠርጎ ከመዋሉ በስተቀር ምንም አልሆነም። ይህ ነገሩን ያቆመዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። የሶዶ ወሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም። ማርከሻውን ስለሚያውቅ ነው ተባለ፤ ለፍቅሯ ሞትን ጠጣላት ተባለ። እኔንም የጎዳኝ ይኸው ነው። መርዝ ካልነበረበት ለምን አልጠጣችም? ስወዳት፣ ሳምናት፣ ይቺ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረች።

ዘኒ ቁልፉን ከወገቧ ፈታች። ለጋሽ ጳውሎስ አልሰጠችውም፤ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የገዛሁላትን ሻሽ አስራ፣ አንድ ዘንቢል ይዛ፣ በእግሯ ወደ ሁምቦ በሚወስደው መንገድ ወረደች። አብሬ እስከ ከተማው መውጫ ሄድኩ። ጋሪ ልያዝልሽ ብላት "ጋሪ ይንጠኛል" አለችኝ። ለምን እንደምትጠነቀቅ አልገባኝም። አቶ ግርማ ብዙም ሳይቆይ ተዛወረ፤ መጽሐፉን ትቶልኝ ሄደ፤ እኔም የምድጃ ማቀጣጠያ አደረግሁት። ጋሽ ጳውሎስ ቤቱ ገባ። እኔ ወጣሁ። ቆየት ብዬ ሁለት ጊዜ ሁምቦ ሰው ልኬ ነበር፤ አልተገኘችም፣ ወደ አርባ ምንጭ አካባቢ ሄዳለች አሉኝ። ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ፤ ሰው ሰው መፈለግ የሚፈራበት ጊዜ መጣ፤ ከዚያም ልጆች፣ ከዚያም የጉልበት ሕመም።

ሰኞ ጠዋት ለማንም ሳልናገር ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድኩ። የሁምቦ ተራሮች ያኔ ራሳቸውን የተላጩ ነበሩ፤ ዛሬ ዛፍ አልብሰዋቸዋል፤ ጉሙ እንኳን እዚያ ማረፍ ለምዷል። ሙቀቱ ግን ያው ነው። ቤቱን ያሳየችኝ የሰላም ባልደረባ ነች። ኒም ዛፍ ያለበት፣ ግቢው የተጠረገ ቆርቆሮ ቤት። በሩ ላይ ቀጭን አሮጊት ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። ቀና ብላ አየችኝና እጇ ቆመ።

"አስቱ" አለችኝ። ስሜን አልነገርኳትም።

"ዘኒ።"

"ወፍረሻል።"

"አንቺ ደግሞ ከስተሻል" አልኳት። ከዚያ ተቃቅፈን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሁለት አሮጊት ሲንሰቀሰቁ ከቤት ውስጥ ረጅም ሴት ደንግጣ ወጣች። "ልጄ ናት፤ ዳናዊት" አለች ዘኒ፤ "አስተማሪ ናት እንደ አንቺ። ዳናዊት፣ የድሮ የሶዶ ጓደኛዬ ናት፤ እርጎ አምጪላት።" ዳናዊት ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። "እማማ፣ እናቴ የሶዶ ጓደኛ አላት እንዴ? እኔ እስከማውቀው እሷ ሶዶ ሄዳ የምታውቀው አንዴ ለጥርሷ ነው፤ ለዚያውም ሐኪሙ ውሃ ሲሰጣት..." አለችና ሳትጨርስ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጉልበቷን መትታ ሳቀች።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ዳናዊት ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቅሁ። ዘኒ የማየውን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ያኔ ከፀነስኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር" አለችኝ። "ስንት ዓመት ጠብቀን። ኮሶ ለእርጉዝ እንደማይሆን ማንም ሴት ያውቃል፤ ግን እኔ መካን ነበርኩ፣ ማን ያስበው?"

"ጋሽ ዳና ያውቅ ነበር?"

"እሱ አይደል አትቅመሺ ያለኝ። ለሱ ብቻ ነበር የነገርኩት።"

"ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ብትነግሪያቸው ኖሮ..."

"የማን ነው ይሉ ነበር፣ አስቱ?" አለችኝ። "የዶክተሩ ነው ይሉ ነበር። እኔን ገዳይ አሉኝ፤ እሷን ዲቃላ እንዲሏት ልስጣቸው? ለአንቺ ብነግርሽ ደግሞ ልታድኚኝ ብለሽ ታወሪው ነበር። አንቺም እኮ ጠጪ ብለሽኛል። እንኳን አልሰማሁሽ።"

ያን ሁሉ ዓመት የወንጀሏ ማረጋገጫ ነው ያልነው ነገር፣ የሁለቱ የመጨረሻ ደስታቸው ነበር። እዚያ ሾላ ሥር እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ የቆመችው ቤቱን ትታ ማንን እየተከላከለች እንደነበር እንኳን አላወቅንም። የዚያ ቤት ወራሽ እዚያው ተቀምጣ ነበር።

"ለዳናዊት ንገሪያት" አልኳት። "ጋሽ ጳውሎስ ሞቷል፤ ልጆቹ ቦታውን ሸጠዋል፤ ቢሆንም መብቷ ነው። እኔ እመሰክራለሁ።"

"ብነግራት ቤቱን ትጠይቃለች። ቤቱን ስትጠይቅ ወሬውን ትሰማለች። እናቷ አባቷን..." አልጨረሰችውም። "አባቷ ነጋዴ ነበር፣ ቀልድ ይወድ ነበር፣ ታሞ ሞተ ብያታለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ይበቃታል።"

ዳናዊት እርጎውን በብርጭቆ ይዛ መጣች። ዘኒ ተነስታ ከልጇ እጅ ወሰደችው፤ ግራ መዳፏን ዘረጋች። "ይኸው ጀመረች" አለች ዳናዊት እየሳቀች፤ "እማማ፣ አይክፋዎት፣ ለሁሉም ሰው ነው እንዲህ የምታደርገው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አትነግረኝም።" ቆዳው የተጨማደደውን መዳፍ አየሁት። ይህን ሁሉ ዘመን በየቀኑ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ለእንግዳ፣ ለልጅ፣ ለድመት ስትምል ኖራለች።

እጇን ያዝኳት። "ዘኒ" አልኳት፤ "ዛሬ ይቅርብሽ።"

ቀና አለች። ከሱ አፍ ከወጣ ወዲህ ያን ቃል የነገራት ሰው እንዳልነበረ ከፊቷ አወቅሁ። ዓይኗ ሞላ፤ ከንፈሯ እንደያኔው ፈገግ ሊል ሞከረ። ልጇ ሳቋን አቁማ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ብርጭቆውን እንዳለ ልትሰጠኝ ወደኔ ዘረጋችው፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ራሷ መለሰችው፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች።

"እጄ ለምዶ ነው፤ እምቢ ይለኛል" አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

እርጎውን ተቀብዬ ጠጣሁት።